ያገለገለ ባለጡሩምባ ስፒከር ቀጭን ድምፁ ሲደክም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አዳማ ውስጥ ለሠርግ፣ ለስብሰባ አዳራሽ ወይም ለአምልኮ ቦታ ያገለገለ ሞንታርቦ (ትልቅ የስፒከር ሳጥን) ገዝተው፣ ወፍራሙ ድምፅ በቂ ሆኖ ሳለ ቀጭኑ ድምፅ፣ ማለትም ትሬብሉ፣ አልወጣ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ ፍተሻው በሚሄድበት መንገድ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው ችግሩ ሳይለይ አዲስ ዲያፍራም (ከጡሩምባው ጀርባ እየተርገበገበ ቀጭኑን ድምፅ የሚፈጥረው ስስ ገጽ) ገዝቶ ይመጣል፤ ሳጥኑ ሲከፈት ግን ብልሽቱ ሌላ ቦታ ይገኛል።

ትሬብሉ ደክሟል ወይስ ጭራሹን ጠፍቷል? በምን ይለያል?

ከሁሉም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) እና ጡሩምባ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ባለው ሳጥን ውስጥ ዎፈሩ ራሱ እስከ 2 ወይም 3 ኪሎኸርዝ ድረስ ድምፅ ስለሚያወጣ፣ ጡሩምባው ሙሉ በሙሉ ዝም ቢልም ንግግር ይሰማል። የሚጠፋው የ«ሰ»፣ የ«ሸ» እና የ«ፈ» ጥራት፣ የጸናጽሉ ድምፅ፣ የክራር ክር ሲነካ መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ጠርዝ ነው። ስለዚህ «ትሬብሉ ደከመ» ተብሎ ከሚመጣው ሳጥን ጥቂት የማይባለው ጡሩምባው ጨርሶ የሞተበት ሆኖ ይገኛል።

ለማጣራት ጸናጽል በግልጽ የሚሰማበትን ቅጂ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ያጫውቱ። ከዚያም ጋዜጣ እንደ ቱቦ ጠቅልለው አንዱን ጫፍ ወደ ጡሩምባው አፍ፣ ሌላውን ወደ ጆሮዎ ያስጠጉ። ጆሮን በቀጥታ ጡሩምባው ላይ መደገን ክልክል ነው፤ በጡሩምባ ላይ የተገጠመ ድራይቨር (ዲያፍራሙን የያዘው ድምፅ አመንጪ ክፍል) በ1 ዋት ብቻ በ1 ሜትር ርቀት 105 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ስለሚያወጣ፣ አንድ ሰው በስህተት ሚክሰሩን ከፍ ቢያደርግ የመስማት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በቱቦው ምንም ካልተሰማ ጡሩምባው ሞቷል፤ ከተሰማ ግን ከጥንዱ ሳጥን ጋር ሲነጻጸር ካነሰ በእርግጥ ደክሟል። ሁለቱ የተለያየ ምርመራ ይፈልጋሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሁለቱን ሳጥኖች ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ ያቀያይሩ። ድክመቱ ወደ ሌላኛው ሳጥን ከተሻገረ ጥፋቱ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከሚክሰሩ ነው፤ እዚያው ሳጥን ላይ ከቀረ ግን ከገመዱ ወይም ከሳጥኑ ነው፤ ገመዱን ብቻ በሌላ በመቀየር ሁለቱን መለየት ይቻላል።

ሳጥኑን ከመክፈቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

በመጀመሪያ ከጀርባው ያለውን ማብሪያ ይመልከቱ። ብዙ የአዳራሽ ሳጥኖች በአንድ አምፕሊፋየር ወይም በሁለት አምፕሊፋየር ለመሥራት የሚመርጥ ማብሪያ አላቸው፤ ይህ ማብሪያ በሁለት አምፕሊፋየር አቅጣጫ ከተተወ ጡሩምባው የራሱን አምፕሊፋየር ስለሚጠብቅ አንድም ድምፅ አያወጣም። በዚህ ምክንያት ብቻ «የተበላሸ» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ሳጥን አጋጥሞን ያውቃል። ቀጥሎ ስፒኮን ሶኬቱን (የስፒከሩ ገመድ የሚሰካበትን) ይፈትሹ፦ ባለአራት መስመሩ ስፒኮን 1 እና 2 የሚባሉ ሁለት ጥንድ መስመሮች አሉት፤ በሁለት አምፕሊፋየር በሚሠራ ሳጥን ጡሩምባው ብዙውን ጊዜ በ2ኛው ጥንድ ላይ ስለሚገኝ፣ ባለሁለት ሽቦ ገመድ እሱን አያደርሰውም።

ትሬብል መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፍ ያላቸው ሳጥኖች ላይ፣ ቁልፉን ኃይሉ ጠፍቶ ሳለ ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ ማዞር ይጠቅማል። ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ የቆመ ቁልፍ ውስጡ ይዝጋል፤ ሲዞር ቸር የሚል ወይም ብቅ ጥልቅ የሚል ድምፅ ካመጣ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ርጭት ይፈልጋል።

የአዳማ አቧራና ነፋስ ለዚህ ችግር አስተዋጽኦ አለው?

አለው፤ ነገር ግን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ አይደለም። አቧራ ብቻውን ዲያፍራምን አያቃጥልም። ጉዳት የሚያደርሰው ከፊት ለፊት ባለው ስፖንጅ ላይ ሲከማች ነው። ከወንፊቱ ጀርባ የሚለጠፈው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይፈረፈራል፤ ፍርፋሪውም ከአቧራ ጋር ተደባልቆ በጡሩምባው ጉሮሮ ይወርዳል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቶ ወንፊቱን ማውረድና ስፖንጁን በለብ ባለ ውኃ አጥቦ በጥላ ማድረቅ፣ የተፈረፈረም ከሆነ መቀየር፣ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ስፖንጁ ተነስቶ ትሬብሉ ከተመለሰ ጥገናው በዚሁ ያበቃል።

ጉሮሮውን በጎማ መንፊያ አየር መንፋት ግን ፈጽሞ አይገባም። ከጉሮሮው ጀርባ ያለው ዲያፍራም እንደ ወረቀት የሳሳ ቲታኒየም፣ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ስለሆነ በኃይለኛ አየር ይቀደዳል። ከቤት ውጭ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ጡሩምባዎች ውስጥ ደግሞ ተርብ የጭቃ ጎጆ ይሠራል፤ ይህ የሚገኘው በእጅ ባትሪ ሲታይ ነው።

ሌላው ነገር ድንኳን ውስጥ የሚሰማው ነው። ደረቅ አየር ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ በበለጠ ይውጣል፤ ነፋስም የድምፁን አቅጣጫ ያጣምማል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ዳር የተቀመጠ እንግዳ ትሬብሉ ብቅ ጥልቅ የሚልበት ለዚህ ነው። ሳጥኑን ከሰው ጆሮ ከፍታ ትንሽ አስበልጦ ወደ መሀል ተቀማጮች ማዘንበል ማንኛውም ጥገና ከሚያመጣው ለውጥ የበለጠ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ጡሩምባ ቀጭኑን ድምፅ የሚልከው ወደተነጣጠረበት አቅጣጫ ነውና።

ድራይቨሩን በመልቲሜትር ስለካው ስንት ማንበብ አለበት?

መጀመሪያ የድራይቨሩ ሁለት ሽቦዎች ከክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዎፈሩና ለጡሩምባው ከፋፍሎ ከሚልከው ሰሌዳ) መነቀል አለባቸው፤ አለበለዚያ የሚነበበው የሌሎቹ ዕቃዎች ድምር ነው። 8 ኦም የተባለ ድራይቨር በመልቲሜትር ከ5 እስከ 7 ኦም አካባቢ ያነባል፤ 16 ኦም የተባለው ደግሞ ከ9 እስከ 13 ኦም አካባቢ። መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ኮይሉ (ከዲያፍራሙ ጋር የተያያዘው የሽቦ ጥቅል) ተበጥሷል። ቁጥሩ ሽቦው ሲነካ የሚዋዥቅ ከሆነ ከኮይሉ ወደ ውጭ የምትወጣው ቀጭን ማገናኛ ተሰንጥቃለች ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ድራይቨር ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ርካሽ በሆኑ ሳጥኖች ላይ የሚገጠመው ትንሹ ጡሩምባ ፒዬዞ የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ፒዬዞ ኮይልም ማግኔትም የለውም፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለም መልቲሜትር ላይ እንደተበጠሰ ሽቦ ያነባል። ከጀርባው ከባድ ማግኔት ከሌለውና ፕላስቲክ ቀለል ያለ ከሆነ ፒዬዞ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ እሱን መሞከሪያው መንገድ መለካት ሳይሆን ከሚሠራ ሳጥን ላይ አገናኝቶ መስማት ነው።

ኮይሉ ጤነኛ ነው፤ ትሬብሉ ግን አሁንም ደካማ ነው። ታዲያ ምኑ ላይ ነው?

አሁን ዓይንዎን ወደ ክሮስኦቨሩ ያዙሩ። በእኛ አስተያየት ያገለገለ ሳጥን ሲደክም ከሁሉም በላይ ሊጠረጠር የሚገባው ይህች የሽቦና የዕቃዎች ሰሌዳ ስትሆን፣ ከሁሉም በኋላ የምትከፈተውም እሷው ናት።

ወደ ጡሩምባው በሚሄደው መስመር ላይ ቢያንስ አንድ ካፓሲተር በተከታታይ ተገጥሟል። ሥራው ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን ብቻ ማሳለፍ ነው። በብዙ ሳጥኖች ውስጥ ያለው ካፓሲተር ፖል (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቅጣጫ) የሌለው ኤሌክትሮሊቲክ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው እርጥበት በዓመታትና በሙቀት ይደርቃል፤ ሲደርቅም አቅሙ ይቀንሳል፣ የውስጥ ተቃውሞውም ይጨምራል። ቁጥሩን በምሳሌ እንየው፦ 4 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ከ8 ኦም ድራይቨር ጋር ሲገናኝ ማሳለፍ የሚጀምረው ወደ 5 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው። ይኸው ካፓሲተር ደርቆ ወደ 2 ማይክሮፋራድ ቢወርድ መነሻው ወደ 10 ኪሎኸርዝ ገደማ ይሸሻል፤ በዎፈሩና በጡሩምባው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ድምፁም ብርድ ልብስ እንደተጣለበት ይሆናል። የውስጥ ተቃውሞው ሲጨምር ደግሞ ትሬብሉ በአጠቃላይ ዝቅ ይላል። ሁለቱም አንድ ላይ ሲመጡ ሰው «ዲያፍራሙ አርጅቷል» ይላል።

ካፓሲተሩን ለመለካት አንዱ እግሩ ከሰሌዳው ተነስቶ አቅም በሚለካ ሜትር መታየት አለበት። ከተጻፈበት ቁጥር 10 በመቶ ያህል ቢለይ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ከ20 በመቶ በላይ ከወረደ ግን ቦታውን ይልቀቅ። ካፓሲተሩ ቢያብጥ ወይም ፈሳሽ ቢያፈስ መለካትም አያስፈልገውም።

ከካፓሲተሩ ቀጥሎ የሚጠረጠረው መከላከያ አምፑል ነው። የአዳራሽ ሳጥኖች ሠሪዎች ጡሩምባው ከመጠን በላይ ኃይል እንዳይደርሰው የመኪና መብራት የምትመስል ትንሽ አምፑል በተከታታይ ያስገባሉ፤ ኃይሉ ሲበዛ አምፑሏ ትበራለች፣ ትሞቃለች፣ ተቃውሞዋም ይጨምራል። አንዳንድ ሠሪዎች ከአምፑሏ ጎን ለጎን ሬዚስተር ያስገባሉ፤ በእንዲህ ዓይነቱ ሳጥን አምፑሏ ስትቃጠል ጡሩምባው አይጠፋም፣ ይደክማል እንጂ። ይህ በትክክል ሰዎች የሚያማርሩበት ምልክት ነው። የተቃጠለችውን አምፑል በሽቦ ማገናኘት የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም አንመክርም፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ዲያፍራሙ ነው።

በመጨረሻም ነጭ ሸክላ የሚመስሉትን ሬዚስተሮች እግር በቅርብ ይመልከቱ። እነዚህ በጣም ስለሚሞቁ ብየዳው ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ይሰነጠቃል፤ በዓይን የማይታይ ከሆነ ሬዚስተሩን በእንጨት ጫፍ ሲገፉት ትሬብሉ ብቅ ይላል። መፍትሔው እንደገና መበየድ ብቻ ነው።

ካፓሲተር ስቀይር ምን ዓይነት ልግዛ?

የማይክሮፋራድ ቁጥሩ ከነባሩ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የቮልት ቁጥሩ ግን ከነባሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም። ቦታ ካለ የፖሊፕሮፒሊን ፊልም ካፓሲተር ይምረጡ፤ አይደርቅም። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን የሚሸጠውን ፖል ያለውን ኤሌክትሮሊቲክ ብቻውን አይግጠሙ። ሌላ ከጠፋ ሁለት 10 ማይክሮፋራድ የሆኑትን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አገናኝቶ በተከታታይ መግጠም 5 ማይክሮፋራድ ይሰጣል፤ ይህ ግን ለጊዜያዊ ሥራ የሚሆን ነው። የሁለቱንም ሳጥኖች ካፓሲተር በአንድ ጊዜ መቀየር ይገባል፤ አለበለዚያ አንዱ ደማቅ ሌላው ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል።

ዲያፍራሙን ራሴ መቀየር እችላለሁ?

እጅዎ የማይንቀጠቀጥና ብሎን የማይጠፋብዎ ከሆነ ይችላሉ። በአብዛኛው ድራይቨር ላይ የጀርባው ክዳን ሲነሳ ዲያፍራሙ በሦስት ወይም በአራት ብሎኖች ተይዞ ይታያል፤ ከመነሳቱ በፊት የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጫፍ እንደነበረ በስልክ ፎቶ ያንሱ። የብረት ካቻቢቴ ወደ ማግኔቱ ሲጠጋ በድንገት ተስቦ ዲያፍራሙን ይወጋዋል፤ ስለዚህ ካቻቢቴውን በሁለት እጅ ይያዙት፣ ጠረጴዛውንም ከብረት ፍቅፋቂ ያጽዱ።

አሮጌው ዲያፍራም ከወጣ በኋላ ኮይሉ የሚቀመጥበት ክብ ቀጭን ስንጥቅ ይገለጣል። የቀለም ቀቢዎች ወረቀት ፕላስተር ሙጫው ወደ ውጭ እንዲሆን አጥፈው በስንጥቁ ውስጥ ዙሪያውን ያስኪዱት፤ የተቃጠለ ኮይል ጥቀርሻ፣ አቧራና የብረት ብናኝ ተለጥፎ ይወጣል። ፕላስተሩ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ይደገማል። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ጥቁር ቅባት ከተገኘ ድራይቨሩ ፌሮፍሉይድ የሚባለውን መግነጢሳዊ ፈሳሽ የሚጠቀም ነው፤ ይህ ፈሳሽ ደርቆ ሲጣበቅ ብቻውን ትሬብሉን ያደክማል፣ ስለዚህ አጽድቶ በአዲስ መተካት ይፈልጋል።

አዲሱ ዲያፍራም ሲገባ ብሎኖቹን በአንድ ጊዜ አያጥብቁ። ለስለስ አድርገው ይያዙና ዝቅ ባለ ድምፅ ከ500 ኸርዝ አካባቢ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ነጠላ ድምፅ እያጫወቱ፣ በየብሎኑ እየተዘዋወሩ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። ኮይሉ ከግድግዳው ጋር ከተነካካ ጥርት ያለው ድምፅ ላይ መፋቅ ይሰማል፤ ያኔ አላልቶ ትንሽ ገፋ በማድረግ እንደገና መሞከር ነው። ማግኔቱን ራሱን ግን አይፍቱት፤ እንደነበረ መልሶ መሀል ማስያዝ ያለ ልዩ መሣሪያ አይቻልም።

ገበያ ላይ «ተመሳሳይ» ተብሎ የሚሸጠው ዲያፍራም ይሆናል?

አንዳንዱ ይሆናል፤ አንዳንዱ ልኩ ገጥሞ ድምፁ አይገጥምም። ከመክፈልዎ በፊት ኦሙን እዚያው ሱቁ ላይ ይለኩ። 8 ኦም በነበረበት ቦታ 16 ኦም ከገባ በዚያው ቮልቴጅ የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ስለሚቀንስ ትሬብሉ ወደ 3 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ ክሮስኦቨሩም ከታሰበበት ቦታ ይሸሻል። ከዚህ ሌላ በነባሩ ቲታኒየም ምትክ ወፍራም ፕላስቲክ ያለው ዲያፍራም ቢገጠም ንግግሩ ያው ሆኖ ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ይጠፋል። ከተቻለ ሁለቱንም ጎን በአንድ ዓይነት ይተኩ።

ያገኘሁት አሮጌ የአሜሪካ ሥሪት ነው። ማግኔቱ ደክሞ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ግን እምብዛም አይደለም። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ አልቴክና ጄቢኤልን የመሳሰሉ ሠሪዎች ኮባልት ያለበትን፣ አልኒኮ የሚባለውን ማግኔት በሰፊው ይጠቀሙ ነበር፤ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ በዛየር (በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ) ግጭት ምክንያት የኮባልት ዋጋ ሲንር አብዛኞቹ ፌራይት ወደሚባለው ሌላ ዓይነት ማግኔት ዞሩ። አልኒኮ በኃይለኛ ምት ወይም በመፈታት ጉልበቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ ወድቆ የሚያውቅ ድራይቨር ከጥንዱ ሲያንስ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት ግን ካፓሲተሩ ይለካ።

ሁሉም ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ሁለቱም ሳጥኖች ትሬብላቸው ቢያንስስ?

እንግዲያውስ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ድምፅን በሰፊ ማዕዘን እኩል ለመበተን የተሠሩ ጡሩምባዎች አሉ፤ አፋቸው አራት ማዕዘን፣ ግድግዳቸው በድንገት የሚሰፋ ነው። በእነዚህ ላይ የድራይቨሩ ድምፅ ከ3 ወይም 4 ኪሎኸርዝ በላይ በየኦክታቩ (ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር) ወደ 6 ዴሲቤል ያህል በተፈጥሮው ይወርዳል፤ ሠሪው ይህን የሚያካክሰው ከሳጥኑ ጋር በሚሸጥ መቆጣጠሪያ ወይም በክሮስኦቨሩ ውስጥ ባለ ማስተካከያ ነው። ሳጥኑ ያለ መቆጣጠሪያው ሲሸጥ ድምፁ ደብዛዛ ይሆናል፤ ያኔ በኢኳላይዘር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) ከ4 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ቀስ በቀስ ማንሳት ትክክለኛው ሕክምና ነው።

በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየትምህርት ቤቱ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው የታጠፈ ጡሩምባ ደግሞ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ የሙዚቃ ትሬብል አይጠበቅበትም። ቅዳሴው ከሩቅ በግልጽ ከተሰማ ሥራውን ሠርቷል።

ኢኳላይዘሩን ከፍ አድርጌ የደከመውን ጡሩምባ ባካክሰውስ?

አንዱ ሳጥን ደክሞ ሌላው ጤነኛ ከሆነ፣ በፍጹም። 6 ዴሲቤል መጨመር ማለት ኃይሉን አራት እጥፍ፣ 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት አሥር እጥፍ ማድረግ ነው። የደከመው ሳጥን ትንሽ ሲሻሻል ጤነኛው ይቃጠላል፤ ባለቤቱም ሁለት ዲያፍራም ለመግዛት ይመጣል።

ዲያፍራሙ በየወቅቱ የሚቃጠለው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ አምፕሊፋየሩ ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን ትንሽ ስለሆነ ነው። ሠርጉ ሲደምቅ ድምፁ ከአምፕሊፋየሩ አቅም በላይ ይገፋል፤ የሞገዱ ጫፍና ጫፍ ይቆረጣል፤ ቀዩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል። የተቆረጠ ሞገድ በቀጭኑ ክልል ተጨማሪ ኃይል ስለሚፈጥር ያ ኃይል በቀጥታ ወደ ጡሩምባው ይሄዳል። የማይክራፎን ጩኸትም እንዲሁ ነው። ሌላው ምክንያት የማብራትና የማጥፋት ቅደም ተከተል ነው፦ ሲበራ መጀመሪያ ሚክሰሩ፣ በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ፤ ሲጠፋ በተቃራኒው አምፕሊፋየሩ ይቀድማል። በጄኔሬተር በሚሠራ ድንኳን ውስጥ ነዳጅ አልቆ በድንገት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን ወዲያው አጥፍቶ መጠበቅ ብልህነት ነው።

ፍተሻውን መቼ ባደርገው ይሻላል?

በጥር ሠርጉ ሲደራ ጠጋኝ ማግኘትም ዕቃ ማግኘትም ያስቸግራል። ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም ሠርግ የማይበዛበት ስለሆነ ሳጥኖቹን አውርዶ ስፖንጁን ለማጠብ፣ ካፓሲተሩን ለመለካትና የጎደለውን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት በቂ ጊዜ ይሰጣል። ያገለገለ ሳጥን ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎችም በዚያው ወቅት መልቲሜትርና የሚያውቁትን ዘፈን በስልካቸው ይዘው ቢሄዱ፣ ሻጩ ሁለቱን ሳጥኖች በየተራ ለየብቻ እንዲያጫውት ቢጠይቁና የጡሩምባውን ብሎኖች ጥርስ ቢመለከቱ መልካም ነው፤ ጥርሱ የተበላ ብሎን ከዚህ በፊት ተከፍቶ እንደነበር ይናገራል።